አራተኛው ሯጭ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከኮተቤ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት የሚወጣው ኮሮኮንች ገና ጨለማ ነው። ከላይ ከየካ ተራራ የጅብ ድምፅ ይሰማል፤ ከታች ከአስፋልቱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ረዳቶች ‹‹መገናኛ! መገናኛ!›› እያሉ መጣራት ጀምረዋል። ሯጮቹ በአንድ መስመር ባህር ዛፉ ውስጥ ይገባሉ። የሚያወራ የለም። ፊት ያለው በዛፍና በዛፍ መካከል እየተጠማዘዘ መንገድ ያወጣል፤ ከኋላ ያሉት የፊተኛውን ተረከዝ እያዩ ይከተላሉ። ክረምት ከሆነ ጭቃው ጫማቸው ላይ እየተለጠፈ እግራቸውን ያከብደዋል። አንዲት ልጅ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ጎንበስ ስትል ቡድኑ ይሰወርባታል። አጥብቃ አስራ ትነሳና የትንፋሻቸውን ድምፅ ተከትላ ትሮጣለች። ሊነጋጋ ሲል ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ይመጣሉ፤ ሯጮቹም ወደ ጎን ብለው መንገድ ይለቁላቸዋል።

ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የሚሮጥ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ማሊያ ለብሶ ለአገር መሰለፍ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን በአንድ ርቀት ኦሊምፒክ ላይ የሚቆሙት ሦስት ብቻ ናቸው።

ሕጉ ግልጽ ነው። በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር ከሦስት ሯጭ በላይ አያሰልፍም፤ በ10 ሺህና በ5 ሺህ ሜትርም እንዲሁ። ለዓለም ሲታሰብ ተገቢ ሕግ ነው። ባይኖር ኖሮ የረጅም ርቀት ፍጻሜ የኢትዮጵያና የኬንያ የቤት ውስጥ ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። ለፓሪስ ኦሊምፒክ በማራቶን የተጠየቀው ሚኒማ ለወንዶች 2:08:10፣ ለሴቶች 2:26:50 ነበር። ብዙ አገር ይህን ሰዓት የሚያሟላ አንድ ሰው ፍለጋ ይባዝናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰዓቱን ያሟሉት ሦስቱን ቦታ ብዙ ጊዜ ደጋግመው ይሞላሉ። ስለዚህ እዚህ አገር ከሁሉም የሚከብደው ውድድር አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት ያለው ነው። አራተኛ የሆነው ሰው ሌላ አገር ተወልዶ ቢሆን የቡድኑ አለኝታ ይሆን ነበር።

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የወንዶች ማራቶንን ያሸነፈው ሰው ራሱ አራተኛው ነበር። ቡድኑ ይፋ ሲሆን ሦስቱን ቦታ የያዙት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ናቸው። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ተባለ። ሦስቱም ቦታው ይገባቸዋል። ሲሳይ ቫሌንሲያን በ2:01:48 ካሸነፈ በኋላ ቦስተን ላይ ደግሟል። ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል። የደሬሳም ሰዓት ከታምራት ይፈጥን ነበር። ታምራት በበኩሉ በ2014 ዓ.ም. ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2016 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ዳገት የሚበዛበትን ኒውዮርክ በ2:04:58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸንፏል። ሰዓትን ከሰዓት ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ታምራትን አራተኛ ያደርገዋል። ውድድርን ከውድድር የሚያነጻጽር ሰው ግን እጁ ይንቀጠቀጣል።

ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሲሳይ ተጎዳና ቦታውን ለታምራት ለቀቀ። የፓሪሱ ጎዳና ወደ ቬርሳይ የሚወጣ፣ ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት የሚገጥምበት ነበር። ታምራት እዚያ ዳገት ላይ ከሁሉም ተለይቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ የያዘው ሰው አልነበረም። በ2:06:26 ገብቶ ሳሙኤል ዋንጅሩ ቤይጂንግ ላይ ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለ። ደሬሳ 5ኛ፣ ቀነኒሳ 39ኛ ሆነው ጨረሱ። ታምራት ካሸነፈ በኋላ ቦታውን የለቀቀለትን ሲሳይን በይፋ አመሰገነ። ሁለቱም ትልቅ ሰዎች መሆናቸውን ያሳዩበት ቀን ነው፤ አገር የሚኮራውም በእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሆኖም ይህን ወርቅ የአመራረጡ ማስረጃ አድርጎ መያዝ ትልቅ ስህተት ይሆናል። የአንድ ሰው ጡንቻ ባይጎዳ ኖሮ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኑ ውድድሩን በቴሌቪዥን ይከታተል ነበር። ጥያቄው ከሦስቱ ማን መቅረት ነበረበት የሚል አይደለም። ጠፍጣፋ አስፋልት ላይ የተገኘ ፈጣን ሰዓትና ዳገት ላይ የተገኘ ድል ሲፎካከሩ የትኛው ይበልጣል ነው። ለዚህ መልስ መስጠት ይቻላል፤ መልሱ ግን ማንም ከመሮጡ በፊት ተጽፎ መለጠፍ አለበት። ከሮጡ በኋላ የሚጻፍ መስፈርት፣ የቱንም ያህል በቅን ልብ ቢጻፍ፣ የአንድን ሰው ስም ይዞ የሚጻፍ ይመስላል።

ፈጣን ሰዓት ከየት እንደሚመጣም መታወቅ አለበት። ማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ይሮጣል። የት እንደሚሮጥ የሚወስነው ማናጀሩና የውድድሩ አዘጋጅ ናቸው። ዱባይ፣ ቫሌንሲያ ወይም በርሊን የተጋበዘ ሯጭ ጠፍጣፋ መንገድ፣ ጥሩ አየርና ፔስሜከር ያገኛል። ሌላ ከተማ የተላከው፣ ከጎኑ አብሮ የሚለማመደውን ያህል ጠንካራ ቢሆንም፣ ያን ሰዓት አያገኝም። ስለዚህ ‹‹ሰዓት አይዋሽም›› የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ሰዓቱ ራሱ አይዋሽም፤ ሰዓቱን የማግኘት ዕድል ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈለም።

በ2004 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ የሆነው ይታወሳል። ለወንዶች ማራቶን የሄዱት አየለ አብሽሮ፣ ዲኖ ስፍርና ጌቱ ፈለቀ ነበሩ። አየለ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዱባይን በ2:04:23 አሸንፎ ነበር፤ ሌሎቹም አስደናቂ ሰዓት ነበራቸው። ለንደን ላይ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። በሌላ በኩል ሮተርዳም ላይ በ2:18:58 የሮጠችው ቲኪ ገላና በ2:23:07 ወርቁን ወሰደች። ያው የሰዓት መንገድ ለአንዷ ሠራ፤ ለሦስቱ አልሠራም።

የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ሌላውንም መንገድ ሞክሯል። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተካሄደ። ከወንዶች ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ አለፉ። በርሊን ላይ 2:01:41 የሮጠው፣ ለዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ብቻ የቀረው ቀነኒሳ በቀለ ማጣሪያውን አልሮጠም። ከማጣሪያው እስከ ኦሊምፒኩ ያለው ጊዜ ለማራቶን ሯጭ አይበቃም ብሎ ተከራከረ፤ ከቡድኑም ቀረ። ክርክሩ ከተማውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ወገን ሕግ ለትልቅም ለትንሽም አንድ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ሊደርስ ሲል የወጣ ሕግ ትልቁንም ትንሹንም ይጎዳል አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

ነሐሴ 2 ቀን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በተካሄደበት ሳፖሮ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ውድድሩን አልጨረሱም። ከሁለት ወር በኋላ፣ በመስከረም፣ ከእነሱ አንዱ የሆነው ሲሳይ ለማ ለንደን ማራቶንን በ2:04:01 አሸነፈ። ነሐሴ ላይ ያቋረጠው እግርና መስከረም ላይ ያሸነፈው እግር አንድ ነው።

ይህ ታሪክ ለሚከራከሩት ሁሉ የማይመች ነው። በሰዓት ሲመረጥ ሦስቱ አቋረጡ፤ በማጣሪያ ሲመረጥም ሦስቱ አቋረጡ። ማንኛውም ዘዴ የሜዳሊያ ዋስትና አይሰጥም። ሆኖም ኢትዮጵያ ውስጥ የአመራረጥ ክርክር ሁሌ በሜዳሊያ ይዘጋል፤ ወርቅ ከመጣ ‹‹ትክክል ነበር››፣ ካልመጣ ‹‹ሙስና ነበር›› ይባላል። በዚህ መሃል የሚጠፋው ቤቱ የቀረው ሰው ነው። ለእሱ ፍትሕ የሚለካው ነሐሴ ላይ በሚሰማው መዝሙር አይደለም። ኅዳር ላይ ልምምድ ሲጀምር ምን ቢያደርግ እንደሚመረጥ ያውቅ ነበር ወይ? ማወቅ መብቱ ነው። ቡድኑ ወርቅ ቢያመጣም ባያመጣም ይህ መብት አይለወጥም።

የሪዮ ኦሊምፒክ ታሪክ ይህን ያጠናክራል። በ2008 ዓ.ም. ተስፋዬ አበራ ዱባይን፣ ለሚ ብርሃኑ ቦስተንን፣ ፈይሳ ሌሊሳ ቶኪዮን አሸንፈው ተመረጡ። ለንደን ላይ ሦስተኛ የወጣው ቀነኒሳ ተጠባባቂ ሆነና ብሶቱን በአደባባይ ተናገረ። ፈይሳ የብር ሜዳሊያ አገኘ። ስለዚህ አመራረጡ ስህተት ነበር ማለት ይከብዳል። ከወር በኋላ ግን መስከረም 15 ቀን 2009 ዓ.ም. ቀነኒሳ በርሊን ላይ በ2:03:03 የአገሪቱን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው መኸር አትሌቶች በአደባባይ ለውጥ ጠየቁ፤ በጥቅምት መጨረሻም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። ከእሱ ቀጥሎ ደራርቱ ቱሉ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ስለሺ ስህን ኃላፊነቱን ተረከቡ። ሦስቱም ራሳቸው ሮጠው፣ ራሳቸው ተመርጠው ያለፉበት ነው። ዛሬ ጉርድ ሾላ ባለው ቢሮ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች የአራተኛውን ሯጭ ስሜት ከመጽሐፍ መማር አያስፈልጋቸውም።

እንዲያውም ኃይሌ ራሱ ቀምሶታል። ግንቦት 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ሄንገሎ፣ ሆላንድ ላይ ለለንደን ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ሮጦ 7ኛ ወጣ። ለንደንም አልተሰለፈም። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው፣ አገር በስሙ የምትጠራ ሰው 39 ዓመቱ ላይ ከልጆች ጋር መም ላይ ወርዶ ተሸነፈ። ስሙ አላስገባውም፤ ማንም በስልክ አላስገባውም። መም ላይ የተወሰነ ነገር ለተሸናፊውም ክብር አለው።

ሄንገሎ ግን የራሱ ጣጣ አለበት። ለፓሪስ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ሚኒማ ለወንዶች 27:00 ነበር። ከፍታው ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጠው አዲስ አበባ ያን ሰዓት ለመሮጥ መሞከር ከባድ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ወደ ውጭ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. ሄንገሎ ላይ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ስፔን ውስጥ ኔርሃ ላይ ተካሄደ። የሄንገሎው ቀን የማይረሳ ነው፤ ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ለተሰንበት ግደይ ለአገር ውስጥ ማጣሪያ ብላ ሮጣ በ29:01.03 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በወንዶች ሰለሞን ባረጋ በ26:49.51 ቀደመ፤ ከሁለት ወር ሳይሞላ ቶኪዮ ላይ ወርቁን ወሰደ። ማጣሪያው ትክክለኛውን ሰው አግኝቷል። ሆኖም ኮተቤ ያለች፣ ማናጀር የሌላት፣ ፓስፖርቷ ላይ አንድም ቪዛ ያልተመታበት ልጅ ሆላንድ ላይ በሚደረግ ማጣሪያ እንዴት ትሳተፋለች? የመጨረሻው በር አውሮፓ ላይ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ወደዚያ በር የሚያደርስ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሌላ ውድድር ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ እኮ የመጀመሪያዋን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው በአገር ቤት በተደረገ ማጣሪያ ነው። በ1952 ዓ.ም. ክረምት አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን አዲስ አበባ ላይ ማራቶን አስሮጠ። አበበ ቢቂላ የሚባል የክብር ዘበኛ ወታደር በዚህ ከፍታ 2:21:23 ሮጠ። ኤሚል ዛቶፔክ ከያዘው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ሰዓት ነበር። ሮም ደርሶ ማንም አያውቀውም፤ በኒስካነን ሰዓት መያዣ ላይ ግን ከወዲሁ ታውቋል። ጳጉሜን 5 ቀን ምሽት፣ እዚህ ሰው ለዘመን መለወጫ ችቦ እያዘጋጀ ሳለ፣ አበበ በባዶ እግሩ የአክሱምን ሐውልት አልፎ በ2:15:16.2 ገባ። አብሮት የተመረጠው አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ወጣ። ዋሚ ቢራቱ ባይታመም ወይም ባይጎዳ ኖሮ አበበ አይሄድም ነበር የሚለው ወሬ በብዙ መልኩ ይነገራል። እውነቱ የቱም ይሁን፣ ያ ሁሉ ዝና የጀመረው አራተኛውን ሰው ለማየት ፈቃደኛ በነበረ ማጣሪያ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሙሉ ቡድኑ አራተኛ ሆኗል። ኢትዮጵያ በሞንትሪያል፣ በሎስ አንጀለስና በሴኡል ኦሊምፒክ በፖለቲካ ምክንያት አልተሳተፈችም። ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ1972 ዓ.ም. 5 ሺህና 10 ሺህን ያሸነፈው ሞንትሪያል ካመለጠው በኋላ ነው። በሎስ አንጀለስና በሴኡል ጊዜ እግራቸው የደረሰ ብዙዎች ግን ሁለተኛ ዕድል አላገኙም። ስማቸውን የሚያስታውሰው አብሯቸው የተለማመደ ሰው ብቻ ነው።

የምርጫው ጥያቄ በሥነ ሥርዓቱም ላይ ይታያል። ሰንደቅ ዓላማ ይዞ የሚገባውን መምረጥም ምርጫ ነውና። ሪዮ ላይ ሐምሌ 29 ቀን 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሰንደቅ ይዞ የገባው ዋናተኛ ነበር። ከቀናት በኋላ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1:04.95 ከ59 ዋናተኞች የመጨረሻ ሆነ፤ ዓለምም ሳቀበት። የወጣቱን ስም እዚህ ማንሳት አያስፈልግም፤ ከበቂ በላይ ተነስቷል። ውኃ ውስጥ የገባው በተፈቀደለት ቦታ ነው፤ ውድድሩንም ጨርሷል፤ ሊሳቅበት አይገባም ነበር። የሚያስቆጨው ሌላ ነው። አባቱ የውኃ ዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት መሆናቸው ሲታወቅ፣ እሱ እንዴት እንደተመረጠና ሰንደቁ እንዴት እንደተሰጠው ለሕዝብ በቂ ማብራሪያ አልደረሰም። ማብራሪያው ባዶ በተወው ቦታ ላይ ሐሜት ተቀመጠ። ቀድሞ የተጻፈ መስፈርት ቢኖር ከሁሉ በፊት የሚጠቀመው ልጁ ራሱ ነበር።

እርግጥ የሰንደቁ ጉዳይ ቀላል አይደለም። የፓሪሱ መክፈቻ የተደረገው ሐምሌ 19፣ በቅዱስ ገብርኤል ዕለት፣ በሴን ወንዝ ላይ በጀልባ፣ በከባድ ዝናብ ነበር። የማራቶን ሯጭ ውድድሩ የሚደርሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ከፍታው ላይ መቆየት ይሻለዋል፤ አሠልጣኝም በብርድና በዝናብ ለሰዓታት ቁም አይለውም። ስለዚህ ታዋቂዎቹ መክፈቻው ላይ አለመታየታቸው ቸልተኝነት አይደለም። ታዲያ ሰንደቁ ከአራተኛው ሯጭ ጋር ቢሄድስ? ተጠባባቂው እንደማንኛውም ተመራጭ ሠልጥኗል፤ ቢጠራ ይሮጣል። ከሄደ ግን የሚሄደው እንደ መለዋወጫ ዕቃ ነው። ሲመለስም የአበባ ጉንጉኑ በሌሎች አንገት ላይ ሲጠለቅ ከጎን ቆሞ ያያል። የኦሊምፒክ ኮሚቴውና ፌዴሬሽኑ የተሳታፊነት ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ ይህን ክብር ለእሱ ቢያስቡለት ማንም አይጎዳም።

ሥነ ሥርዓት ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው የቶኪዮውን ያስታውስ። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ብዙም ሳይቆይ በ2:12:11.2 ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ሽልማቱ ላይ የኢትዮጵያ መዝሙር ስላልተዘጋጀ ባንዱ የጃፓንን መዝሙር እንደተጫወተ ሲነገር ኖሯል። ስድሳ ዓመት አልፎም ታሪኩ የሚነገረው ሰው ስላመመው ነው። ባርሴሎና ላይ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱና ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ተያይዘው ስታዲየሙን የዞሩት ደግሞ ማንም ባላዘዘው ሥነ ሥርዓት ነበር። ዛሬም ድረስ ከወርቁ እኩል ይታወሳል።

ፓሪስ ላይ ደግሞ የሴቶች ማራቶን ሜዳሊያ የተሰጠው በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት፣ በሙሉ ስታዲየም ፊት ነው። ነሐሴ 5 ቀን ትዕግሥት አሰፋና ሲፋን ሐሰን እስከ መጨረሻው ሜትሮች አብረው ደረሱ። ጠርዙ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፉ፤ ሲፋን በ2:22:55 ገባች፣ ትዕግሥት በ3 ሰከንድ ተከተለች። የኢትዮጵያ ቡድን ቅሬታ አቀረበ፤ ዳኞች አይተው በዚያው ቀን ውድቅ አደረጉት። ማታ የኔዘርላንድስ መዝሙር ሲሰማ ሁለቱ የአንድ ምድር ልጆች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሲፋን አዳማ አካባቢ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት የሄደች ናት። በየካ መንደሮች ቴሌቪዥን የከበበው ሰው በውሳኔው ላይ ብዙ ተከራክሯል። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። ቅሬታው ተመዝግቧል፣ ተሰምቷል፣ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ መልስ አግኝቷል። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱም ከአትላንታ ጀምሮ በየኦሊምፒኩ ጊዜያዊ ችሎት ተክሎ በአንድ ቀን ውስጥ እስከመወሰን ይደርሳል። ከቡድን የቀረ ሯጭም የስም ዝርዝር ሳይላክ በፊት እንዲህ ያለ ፈጣን መልስ ይገባዋል፤ ከመራጮቹ ውጭ ከሆኑ ሰዎች፣ በጽሑፍ።

ጃፓኖች ለዚህ ሁሉ አንድ መንገድ አግኝተዋል። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሁለቱን የማራቶን ቦታ በአንድ ቀን ታላቅ ማጣሪያ ሰጡ፤ ሦስተኛውን ለፈጣን ሰዓት ተዉ። ሕጉን ያወጁት ከዓመታት በፊት ነው፤ ማጣሪያውን ያደረጉትም ኦሊምፒኩ መጀመሪያ ከታቀደበት ጊዜ አሥር ወር ገደማ ቀድመው ነው። መስከረም 2012 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሱጉሩ ኦሳኮ በማጣሪያው ሦስተኛ ወጥቶ ቀጥታ ሳያልፍ ቀረ። የቀረችው አንድ ቦታ በምን እንደምትገኝ ግን ያውቅ ነበር። በየካቲት 2:05:29 ሮጦ የአገሩን ክብረ ወሰን ሰብሮ ቦታዋን ወሰደ፤ ሳፖሮ ላይም 6ኛ ሆነ። ሳይገባው የቀረ፣ ሳይገባው የገባ የሚል ጭቅጭቅ አልነበረም።

እዚህ የሚነሳው ተቃውሞ ገንዘብ ነው፤ እውነተኛ ተቃውሞም ነው። ለማራቶን ሯጭ አንድ ውድድር ማለት የዓመት ገቢው ግማሽ ነው። ቤተሰብ፣ አሠልጣኝ፣ አሯሯጭ በእሱ ይኖራሉ። ያለ ክፍያ ሰበታ ላይ ራስህን ጨርስ ሲባል ቢያመነታ አይፈረድበትም። ስለዚህ ማጣሪያው ከ30 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ፣ ሽልማት ቢኖረው፣ ስፖንሰር ቢፈለግለት ይሻላል። ለታላቁ ሩጫ ከተማው የሚወጣበት ኅዳር ወር ምቹ ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ሰዉ መንገድ ዳር ቆሞ ማየትን ለምዷል። የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የሚከፈተው ሐምሌ 7 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። ኅዳር ላይ የተጣራ ሯጭ ከሰባት ወር በላይ ይኖረዋል። ቀነኒሳ ለሰበታ ያነሳው የጊዜ ጥያቄም በዚህ ይመለሳል።

መንገዱም ሩቅ አይፈለግም። ከመገናኛ ተነስቶ፣ በኮተቤና በካራ አድርጎ ወደ ለገጣፎና ወደ ሰንዳፋ የሚወስደው አስፋልት ለዚህች ከተማ ሯጮች የእጃቸው መዳፍ ነው። በግራ እንጦጦና የየካ ተራራ ይታያሉ፤ ዳገት አለ፣ ቁልቁለት አለ፣ ነፋስ አለ። ማናጀር ያለውም የሌለውም አንድ መስመር ላይ ይቆማል። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፣ ሊስትሮዎቹ፣ የሚኒባስ ረዳቶቹ ዳር ይዘው ያያሉ። አንደኛውና ሁለተኛው እጃቸውን ያነሳሉ፤ ሦስተኛው ሰዓት ፍለጋ ይሄዳል። አራተኛ የገባው ሯጭ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ሲተነፍስ በስንት ሰከንድ እንደቀረ ያውቃል፤ ካራ ላይ ቆሎ የምትሸጠዋም ልጅ ታውቃለች።